በልቻለሁ

የካቲት 10፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ሶፊ ናት። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስልጠና ላይ የተሰጣት ነው፤ ሽፋኑ ላይ ካሮትና ብርቱካን ተስሎበታል። «አንቺ አፍሽ አይናገርም፣ ቢያንስ እጅሽ ይናገር» አለችኝ። ሶፊ የአክስቴ ልጅ ናት፤ ሥነ ምግብ ትማራለች፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ ናት። እኔ ዘጠነኛ ክፍል ነኝ፣ በአሥራ ሰባት ዓመቴ። ቆቃ እያለሁ ትምህርት አቋርጬ የአባዬን መረብ ስጠግን ስለቆየሁ ነው። ከክፍሉ ልጆች ሁሉ በዕድሜ እበልጣለሁ፤ ከሁሉም ደግሞ ድምፄ ያንሳል።

ትናንት የጋሽ ቀነዓ እህት፣ እትዬ አበበች፣ ምሳ መጡ። ጋሽ ቀነዓ የአክስቴ ባል ናቸው፤ ከሞጆ ደረቅ ወደብ ጅቡቲ የሚመላለስ ትልቅ መኪና ስለሚነዱ ብዙ ጊዜ ቤት አይገኙም። ዶሮ ተሠርቶ ነበር። ሁላችንም ትሪውን ከበን ተቀመጥን። እኔ እንደ ቤቴ፣ እንደ ቆቃ እበላ ነበር። እትዬ አበበች አዩኝና ለአክስቴ፣ «የሺ፣ ይቺ ልጅ እጇ አይመለስም እኮ! የቆቃ ዓሣ አልቆ ነው እንዴ ወደ አንቺ የላኳት?» አሉ።

ሶፊ ሳቀች። እሺ፣ ሶፊ በሁሉም ነገር ትስቃለች። ግን አክስቴም ሳቀች።

እጄ ትሪው ላይ ነበር። መመለስም መቀጠልም አቃተው።

ከዚያ ወሬው ወደ መብራት መጥፋት ዞረ። ሌላ ምንም አልተባለም። ስለዚህ ይህን መጻፌ ቂልነት ነው።


የካቲት 12፣ ረቡዕ

አልጀብራ። አልገባኝም። እጄን አላወጣሁም።

ማታ እማዬ ከቆቃ ደወለች። ከሰላምታ በፊት የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው።

«በላሽ?»

«በልቻለሁ።»

«አክስትሽን እንዳታስቸግሪ። ሸክም የሆነ እንግዳ አይሰነብትም።»

አውቃለሁ። እዚህ አዳማ የምማረው አክስቴ ስላስጠጋችኝ ነው። ቆቃ ዘጠነኛ ክፍል የለም ማለቴ አይደለም፤ እዚያ ግን መረቡ ይጠራኛል፣ አባዬም ብቻውን ሲሠራ ማየት አልችልም። እዚህ የጂኦግራፊ መምህራችን ሰኞ ዕለት ምን እንዳሉ ልጻፍ። የቆምንበት መሬት ቀስ እያለ እየተሰነጠቀ ነው፣ ከቀይ ባሕር ጀምሮ በእኛ ሥር አልፎ ወደ ታች ይሄዳል፣ ከብዙ ብዙ ዘመን በኋላ ባሕር ይገባበታል አሉ። ከትምህርት ቤት ስመለስ አስፋልቱን በቀስታ ነው የረገጥኩት። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ነግሮኝ አያውቅም። ሌላም ብዙ ያልተነገረኝ ይኖራል። መቆየት እፈልጋለሁ።


የካቲት 15፣ ቅዳሜ

ሶፊ አዲስ ሕግ አወጣች። ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም በየራሱ ሳህን! የሳህኑ ግማሽ አትክልት፣ ሌላው ግማሽ ደግሞ ተከፋፍሎ እህልና ሥጋ። አክስቴ ከሞጆ ሥራዋ ደክሟት ገብታ ጫማዋን እያወለቀች ነበር።

«ትሪው ምን አደረገሽ?»

«ማሚ፣ በትሪ ስንበላ ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም። ጤና ነው የምልሽ።»

«እና ይህን ሁሉ ሳህን ማን ያጥባል? ጤና?»

«እኔ አጥባለሁ» አልኩ። በጣም ፈጥኜ ስለተናገርኩ ሁለቱም ዞረው አዩኝ።

ሳህን ጥሩ ነገር ነው። የራስ ሳህን ሲኖር ማንም የማንንም እጅ አያይም።


የካቲት 17፣ ሰኞ

ሁዳዴ ገባ።

እዚህ ቤት የምጾመው እኔ ብቻ ነኝ። አክስቴና እማዬ አንድ ቤት ያደጉ፣ አንድ ንስሐ አባት የነበራቸው እህትማማቾች ናቸው፤ አክስቴ ግን ጋሽ ቀነዓን ስታገባ ወደ ፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ዛሬ ጠዋት ወደ ሥራ ልትወጣ ስትል በር ላይ ቆማ፣ «እንቁ፣ ጾምሽን እናከብራለን» አለችኝ። «ብይ ብሎ የሚጨቀጭቅሽ የለም፣ ለሶፊም ነግሬያታለሁ። እናትሽ ልጄን ሃይማኖቷን አስጣሏት እንድትል አልፈልግም። የጾም ወጥ ማቀዝቀዣው ውስጥ አለልሽ፣ ሲደርስ አሙቀሽ ብይ።»

«እሺ አክስቴ።»

ልቤ ቅልል አለኝ። ለምን እንደቀለለኝ አላውቅም።


የካቲት 22፣ ቅዳሜ

አክስቴ ሽንኩርት እንድገዛ ላከችኝ። ስመለስ መናኸሪያው አጠገብ አረፍ አልኩ፤ እግሬ ትንሽ ዛል ብሎ ነበር። ረዳቶቹ ይጣራሉ፤ «ሞጆ ሞጆ ሞጆ! መቂ ባቱ ሻሸመኔ!» አንዱ ረዳት፣ «እህት፣ ሻሸመኔ ነሽ?» አለኝ። ጭንቅላቴን ነቅንቄ አይደለሁም አልኩት። ግን ከተቀመጥኩበት ሳልነሣ ተሳፍሬያለሁ።

ሞጆ ላይ አልወረድኩም፤ የአክስቴ መሥሪያ ቤት ሰዎች እንዳያዩኝ። መቂ ወረድኩ። አንዲት ሴትዮ ቲማቲም በሳጥን ደርድራ ተቀምጣለች፤ አንዱን በጨርቅ ጠርጋ ለሁለት ቆረጠችልኝ። ጨው ነሰነሰችበት፣ ቃሪያ ጨመረችበት፣ ሎሚ ጨመቀችበት። ጭማቂው እስከ ክርኔ ወረደ። ባቱ ላይ ሐይቁ ዳር ዓሣ ይጠበሳል፤ አባ ኮዳዎቹ እንደ ሽማግሌ ክንፋቸውን አጣጥፈው አጥንት ይጠብቃሉ። አንዱን አጥንት ለእነሱ ጣልኩ። ቡልቡላ ላይ ከመንገድ ዳር የተጠበሰ በቆሎ፣ ገና የሚያቃጥል። ላንጋኖን በመስኮት አየሁት፣ ሻይ ይመስላል። አርሲ ነገሌ ዳቦ። ሻሸመኔ የተቀቀለ ድንች ከነልጣጩ፣ በሚጥሚጣ። ሐዋሳ ስደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር።

ቤት ስገባ አክስቴ፣ «የት ቆየሽ? ሽንኩርቱ በቀለ እኮ!» አለችኝ። ሳቀች። «የሆነ ነገር በላሽ?»

«በልቻለሁ። መንገድ ላይ።»

ውሸት አልመሰለኝም።


የካቲት 26፣ ረቡዕ

ኤቢሴ ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የምትቀመጥ ልጅ ናት። እሷ ስታወራ እኔ እሰማለሁ፤ ለሁለታችንም ተመችቶናል። ዛሬ በእረፍት ሰዓት እርጥብ ገዝታ መጣች። ዳቦው ውስጥ ያለው ድንች በበርበሬ ቀልቷል። ለሁለት ገመሰችው።

«ኮቱ፣ ኛዱ! ነይ ብይ! ድንች ነው፣ ጾም አያስፈታም።»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልበላም።»

«ዘጠኝ ሰዓትስ ሲሆን?»

«ቤት እበላለሁ።»

«አንቺ ልጅ መልአክ ልትሆኚ ነው። ክንፍ ስታወጪ መጀመሪያ ለእኔ ንገሪኝ፤ ባጃጅ መጋፋት ሰልችቶኛል።»

ሳቅኩ። ብዙ ጊዜ ሆኖኛል መሰለኝ ከሳቅኩ፤ ሆዴን ወጋኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤት ማንም የለም። ጸጥ ይላል። የጎረቤት ሬዲዮ ብቻ። ማቀዝቀዣው ድምፅ ያሰማል፣ ያቆማል፣ ያሰማል። አልጋዬ ላይ ሆኜ አዳምጠዋለሁ።


መጋቢት 3፣ ረቡዕ

ሶፊ ለፈተና መለማመጃ አደረገችኝ። ሰው ትናንት የበላውን ሁሉ እንዴት እንደሚጠየቅ ተምረዋል። እግሯን አጣጥፋ አልጋዬ ላይ ተቀመጠችና እንደ ሐኪም ድምፅዋን ቀየረች።

«እሺ እመቤት፣ ትናንት ከእንቅልፍዎ ከተነሡ ጀምሮ ይንገሩኝ።»

«ጠዋት ጾም ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምስር ወጥ በላሁ።»

«ቀይ ነው አልጫ?»

«ቀይ። ጎመን ነበረው። ቀይ ሥርም። ጎመኑ ነጭ ሽንኩርት በዝቶበት ነበር። ከዚያ ሱፍ ፍትፍት። ከዚያ ሙዝ፣ ጥቁር ነጥብ ያለበት፣ የጣፈጠው።»

እየነገርኳት ምስሩ ምላሴ ላይ መጣ። ነጭ ሽንኩርቱም መጣ። ዝም ማለት አቃተኝ፤ እኔ፣ ዝም ማለት!

ሶፊ አጨበጨበች። «ማሚ! ነይ ስሚ! ከዚህ ቤት በሥርዓት የሚበላ ሰው እንቁ ብቻ ናት!»

አዳማ ከመጣሁ በአንድ ነገር አንደኛ ስባል የመጀመሪያዬ ነው። ፊቴ ሞቀኝ። ኋላ ላይ ግን ድምፄ አለመንቀጥቀጡ አስፈራኝ። መምህር ፊት ስሜን ስናገር እንኳ ይንቀጠቀጣል።


መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

በረደኝ። አዳማ በመጋቢት! ሰው ሁሉ በደብተር ያራግባል፣ እኔ ሹራብ ለብሻለሁ።

የትምህርት ቤቱን ደረጃ ስወጣ ዓይኔ ፊት ጥቁር ነጥቦች ዞሩ። ኤቢሴ ቦርሳዬን ተቀበለችኝ። ምንም አይደለም። እንቅልፍ ነው።


መጋቢት 13፣ ቅዳሜ

ጋሽ ቀነዓ ከጅቡቲ ገቡ። ጾሙ ከመግባቱ በፊት የሄዱ ናቸው፤ መኪናው ተበላሽቶባቸው ቆይተዋል። በሩ ላይ ቆመው አዩኝና የያዙትን ፌስታል መሬት አስቀመጡት።

«ኤዬ! የሺ፣ ይቺን ልጅ ምን አደረጋችኋት? ግማሿን ማን ወሰዳት?»

«አባ፣ ጾም ላይ ናት» አለች ሶፊ።

«ጾም አውቃለሁ። የእኔም ረዳት ይጾማል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ግን መሪ ነጥቆኝ መኪናውን ያስቆምና በየአይነቱ ለሁለት ሰው አዝዞ ብቻውን ይበላል!»

«ቀነዓ፣ ተዋት» አለች አክስቴ። «ሃይማኖቷ ነው።»

እሳቸው ከፌስታሉ ተምር ዘግነው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝና ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፉልኝ። «ተምር ከዛፍ ነው፣ አይደለም? እንግዲህ።»

አንዱን አፌ ውስጥ ያዝኩት። አላኘክሁትም። እየሟሟ ሳለ መንገዱን ሄድኩበት። መተሐራ፤ ሸንኮራው በነፋስ ይተኛል ይነሣል፣ በሰቃ ሐይቅ አስፋልቱን ሊልስ ደርሷል። አዋሽ፣ ገዋኔ፣ ሚሌ። ከዚያ በኋላ ያለውን በስም ብቻ ነው የማውቀው፤ ስለዚህ ነጭ አደረግሁት፣ ጨውና ሰማይ። መጨረሻው ላይ ባሕሩ አለ፣ መምህራችን አንድ ቀን ወደ እኛ ይመጣል ያሉት። ፍሬው ብቻ ሲቀርብኝ እንባዬ መጣ። የተምር ፍሬ ያስለቅሳል እንዴ?

የቀረውን ሰኞ ለኤቢሴ እሰጣታለሁ። እሷ ጣፋጭ ትወዳለች።


መጋቢት 21፣ እሑድ

ትናንት ሶፊ ከክፍሏ ልጆች ጋር ባቱ ሄዳ ነበር። ቀናሁባት፤ እኔ በሐሳብ ስሄድ እሷ በአውቶቡስ። ፊቷ በፀሐይ ቀልቶ፣ በበረዶ የተጠቀለለ ቆሮሶ ዓሣ ይዛ መጣች። «ለእንቁ ብዬ! የሐይቅ ልጅ!»

አክስቴ ጠበሰችው። ሽታው ቤቱን ሞላው። የአባዬ ጃኬት ሽታ፣ የእማዬ እጅ ሽታ። በጾም ወቅት ዓሣ ስለሚፈለግ አባዬ ጀልባው ላይ ነው የሚውለው የሚያድረው፤ ለዚህ ነው እሱም እማዬም እስከ ፋሲካ ሊያዩኝ የማይመጡት። ይሻላል።

አክስቴ ሳህኑን ፊቴ አስቀመጠች። «ይሄ እንኳ ይፈቀድልሻል። ቆቃ በጾም ዓሣ ይበላል፤ እናትሽ ስትበላ አይቻለሁ።»

«ዘንድሮ ዓሣም ትቻለሁ።»

«ንስሐ አባትሽ ናቸው ያዘዙሽ?»

«አይ። ራሴ ነኝ።»

አክስቴ ቆማ አየችኝ። የእናት ዓይን አላት፣ የእማዬን። ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። «እሺ» ብላ ሳህኑን በሌላ ሳህን ከድና ጠረጴዛው ላይ ተወችው።

ሌሊት ሐይቁን አየሁት። አባዬ መረቡን ይስባል፣ መረቡ ከባድ ነው፣ በውስጡ ግን የተከደኑ ሳህኖች ብቻ።

ጠዋት ሳህኑ እንደተከደነ ነበር። አክስቴ ከእኔ ቀድማ ተነሥታ አይታዋለች።


ሚያዝያ 1፣ ረቡዕ

ፈተና። ቁጥሮቹ እንደ ዓሣ ግልገል ወረቀቱ ላይ ዋኙ።

ሒሳብስ ይሁን። ጂኦግራፊም! ጥያቄው ስለ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ነው። የማውቀው፣ የሄድኩባቸው፣ በየዳርቻቸው የበላሁባቸው ሐይቆች። ስማቸው ጠፋኝ። ወረቀቱን ስመልስ መምህሩ፣ «እንቁ፣ ምን ነካሽ? አንቺ እኮ ይህን ታውቂዋለሽ» አሉኝ።

ከወደቅሁ አክስቴ ለምን ታቆየኛለች? የማይማር ሰው ለምን ከተማ ይቀመጣል? ከዚህም ይበልጥ ቀላል መሆን አለብኝ። ቤቱ ውስጥ መኖሬ እንዳይታወቅ።


ሚያዝያ 6፣ ሰኞ

አክስቴ ማድ ቤት ሆና ከጋሽ ቀነዓ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማሁ። ለመስማት አልቆምኩም፤ ሳህን ልመልስ ሄጄ ነው።

«… አይ ቀነዓ፣ እንዲህ ሆና እዚህ ላቆያት አልችልም … ለእህቴ ምን ብዬ ነው የምነግራት? … ፋሲካው ይለፍና …»

ሳህኑን በሩ ሥር አስቀምጬ ተመለስኩ።

ፋሲካው ይለፍና። ገባኝ።


ሚያዝያ 10፣ ዓርብ፣ ስቅለት

ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ስግደቱ መሐል ላይ መሬቱ ቀዝቃዛና ደስ የሚል ሆነ። ከዚያ ነጠላ ሲያራግቡልኝ ነው የነቃሁት። ብዙ እናቶች ከበውኛል።

«የታደለች ልጅ!»

«በዚህ ዘመን እንዲህ የምትጾም አለች?»

«አየሽ ሰውነቷን? ጾሙ ነው እንዲህ ያደረጋት። ለእኛም ጸልዪልን ልጄ።»

አንዷ እናት ቤት ድረስ በባጃጅ አመጡኝ። ለአክስቴ በር ላይ፣ «ምን ያለች ጸሎተኛ ልጅ ነው እግዚአብሔር የሰጠሽ!» አሏት።

እውነቱን ልጻፍ። ስሰግድ አንድም ጸሎት አላልኩም። ስለ በቆሎ እያሰብኩ ነበር። የቡልቡላውን።

አክስቴ በስኳር የተበጠበጠ ውሃ ይዛ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ስቅለት ነው» አልኳት።

«እንቁ» አለችኝ። ብርጭቆውን ከንፈሬ ላይ እንደያዘች ቆየች። ጠጣሁ።


ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

ዘንድሮ የሁሉም ፋሲካ በአንድ ቀን ዋለ። ቤቱ በእንግዳ ተሞላ። እትዬ አበበች ጉንጬን ይዘው፣ «ምነው እንዲህ ከሳሽ? ብይ እንጂ!» አሉኝ። እሳቸው።

«ሆዴ ገና ከጾም ስለወጣ ነው።»

«እውነቷን ነው፣ ቀስ ብላ ትጀምር» አሉ ሌሎቹ። ሁሉም አመኑኝ። ሰው ጥሩ ነው፣ ያምናል።

እማዬ ደወለች። «ዶሮ በላሽ?»

«በልቻለሁ።»


ሚያዝያ 15፣ ረቡዕ

ዛሬ ጽሑፌ አያምርም።

ጠዋት አክስቴ ሥራ አልሄደችም። ፍርፍር ሠርታ፣ እንቁላል ጨምራበት አቀረበችልኝ። ሶፊ ሻይ እየቀዳች ነበር። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ምን እንደምል ሳስብ ስላደርኩ ወዲያው አልኩት።

«ዛሬ ረቡዕ ነው አክስቴ። ጾም ነው።»

አክስቴ ማንኪያውን ቀስ ብላ አስቀመጠችው።

«ረቡዕ?»

«አዎ። ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ።»

«እንቁ። ከፋሲካ በኋላ በሃምሳው ረቡዕም ዓርብም አይጾምም።»

ሳህኑን ትንሽ ገፋ አደረግሁት።

«እኔ ቤተ ክርስቲያን ቀየርኩ እንጂ የተወለድኩት ከእናትሽ ጋር ነው። ሃምሳው እስኪገባ ጣታችንን እየቆጠርን ነው ያደግነው።»

ይህን ቆቃ የማያውቅ ልጅ የለም። እኔም አውቃለሁ። ሁልጊዜም አውቃለሁ። እንዴት ረሳሁት? ጾሙ ሲያልቅ እኔ የት እንደቀረሁ ጠፋኝ። ሶፊ ሻዩ ከኩባያው ሞልቶ እየፈሰሰ ቆማ ታየኛለች። መጀመሪያ አክስቴን፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ የደረደረቻቸውን ሳህኖች። «ምስር ወጡ …» አለች። «ሙዙ፣ ጥቁር ነጥብ ያለበት …» ከዚያ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ለምን?» አለችኝ አክስቴ። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ሌላ የምለው ነገር ብዙ ነበር። የወጣው ግን ይህ ነው፤

«የዚያን ቀን ሳቅሽ።»

«የቱን ቀን?»

ነገርኳት። ትሪውን፣ እትዬ አበበችን፣ እጇ አይመለስም የተባለውን። ስናገረው በጣም ትንሽ ነገር ሆነ። በዚህ ትንሽ ነገር ይህን ሁሉ ቀን!

አክስቴ ወንበሩን ትታ መሬት ላይ፣ እግሬ ሥር ተቀመጠች። የሥራ ልብሷን ለብሳ ነበር።

«ሳቅኩ። አዎ ሳቅኩ። እናትሽ ልጅ ሆና ልክ እንደ አንቺ ነበር የምትበላው፤ አንገቷን ወደ ግራ ሰበር አድርጋ፣ ማንንም ሳታይ። እህቴ ቤቴ የመጣች መሰለኝ። ዝም ብዬ ስቄ ዋልኩ ያን ቀን።» ከዚያ ፊቷን በቀሚሴ ጫፍ ጠረገች። «ጾሟ ነው እያልኩ በር ላይ ጥዬሽ ስሄድ። አንድ ቀን እንኳ ድስቱን ከፍቼ ሳላይ።»

«ወደ ቆቃ ልትልኪኝ ነው?»

«ማን ነው ያለው?»

«ፋሲካው ይለፍና ስትዪ ሰማሁ። ላቆያት አልችልም ስትዪ።»

«ጤና ጣቢያ ሳልወስድሽ ላቆይሽ አልችልም ነው ያልኩት! ጾም ላይ ብወስድሽ እምቢ ትያለሽ ብዬ …» አልጨረሰችውም። ጫማዬን አምጥታ ራሷ አደረገችልኝ፣ እንደ ሕፃን።

ጤና ጣቢያ ለምርመራ ደም ሰጠሁ። ደም ማነስ አለኝ። ነርሷ ወጣት ናት፤ ጥቂት ጥቂት እየተባለ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ከሰው ጋር ይበላል አለች። ለወሬ የምመጣበትም ቀን ሰጠችኝ። የጠበቅሁት መድኃኒት ነው አልኳት፤ ወሬም መድኃኒት ነው አለችኝ።


ሚያዝያ 18፣ ቅዳሜ

ጥቂት ገንፎ። ሆዴን አመመኝ፣ አለቀስኩ፣ ተናደድኩ። አክስቴ አጠገቤ ተቀምጣ የራሷን ገንፎ በላች፣ ዓይኗ መስኮቱ ላይ ነበር።

ሶፊ ሁለት ቀን ሙሉ አኩርፋኝ ነበር። ዛሬ መጥታ አልጋዬ ላይ ወደቀች። «በእኔ መለማመጃ አሳቅሽብኝ አይደል? ትልቋ የሥነ ምግብ ባለሙያ!» ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ «ሁለተኛ ስጠይቅሽ እውነቱን ንገሪኝ። ምንም ካልበላሽም ምንም በይኝ» አለች።

«እሺ።»

«ዛሬ ምን በላሽ?»

«ጥቂት ገንፎ። አልጨረስኩም።»

«አመሰግናለሁ» አለችኝ፣ አሁንም ጀርባዋን እንደሰጠች።


ሚያዝያ 21፣ ማክሰኞ

ኤቢሴ ተምሮቹን በላቻቸው ብዬ ነበር። ዛሬ ከቦርሳዋ አወጣቻቸው፤ በሶፍት ጠቅልላ አስቀምጣቸዋለች። «ክንፍሽ አልወጣም፣ እንግዲህ ብይ» አለችኝ። አንድ ለእሷ፣ አንድ ለእኔ። ይህንን አኘክሁት።

የጂኦግራፊ መምህሩ እንደገና እንድፈተን ፈቅደውልኛል።


ሚያዝያ 26፣ እሑድ

ጋሽ ቀነዓ ቤት ናቸው። እትዬ አበበችም መጡ። ሶፊ ሳህኖቹን ልትደረድር ስትል አክስቴ ትልቁን ትሪ ይዛ ገባች።

«ሳህኖችሽን ለክፍልሽ ልጆች አስተምሪያቸው። በእኔ ቤት ከዛሬ ጀምሮ ትሪ ነው።»

«ማሚ፣ ግን ማን ምን ያህል እንደበላ …»

«አይታወቅ!» አሉ ጋሽ ቀነዓ። «እኔ በተለይ እንዲታወቅብኝ አልፈልግም።»

ሁላችንም ተጠጋን። ቦታው ጠባብ ነው፤ ትከሻዬ ከአክስቴ ትከሻ ጋር ተነካካ። እጄን ዘረጋሁ። መሐል ላይ ቆመ። ያው የዚያን ቀን የቆመበት ቦታ መሰለኝ። ማንም አላየኝም፤ ወይም ሁሉም ላለማየት ሌላ ቦታ ያዩ ነበር።

አክስቴ ወደ እንግዳዋ ዞረች። «እትዬ አበበች፣ የዚያን ጊዜ እጇ አይመለስም ብለው ነበር። አሁን እንዲሄድ እየለመንነው ነው።»

እትዬ አበበች ማኘክ አቆሙ። አክስቴ አስቀድማ እንዳልነገረቻቸው ከፊታቸው ያስታውቃል። ወደ እኔ ዞሩ፣ ወደ እጄ፣ ወደ አንጓዬ። ቀይ ሴት ናቸው፤ ሲደነግጡ አንገታቸው ላይ ይታያል።

«የእኔ አፍ» አሉ። «ይሄ የእኔ አፍ።» ከዚያ ትንሽ ጉርሻ ጠቀለሉ፣ በጣም ትንሽ፣ ለወፍ የሚሆን። «ካልፈለግሽ እምቢ በይኝ። እኔን እምቢ ያለ ሰው የለም፣ አንቺ ጀምሪው።»

ሶፊ በሳቅ ፈነዳች። እኔም ሳቅኩ፤ አፌ ሲከፈት ጉርሻው ገባ። ጋሽ ቀነዓ ጠረጴዛውን መቱት።

ከዚያ ወሬው ወደ መብራት መጥፋት ዞረ። እጄ ሄደ። ተመለሰ። ሄደ። አንድ ጊዜ ቆሞ ቆየ፤ ከዚያ ደግሞ ሄደ። ትሪው ላይ የእኔ ድርሻ የቱ ጋ እንደሚያልቅ፣ የአክስቴ የቱ ጋ እንደሚጀምር አይታይም።

ስልኬ ጠራ። እማዬ ናት። በግራ እጄ አነሣሁት፤ ቀኝ እጄ ወጥ ነክቶታል።

«በላሽ?»

አፌ ሙሉ ነበር። ዋጥኩና፣

«እየበላሁ ነው እማዬ» አልኳት። «ቆይተሽ ደውዪ።»